አምስት ቀን የጎደለው ጺም

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 1955

ያሳክከኛል። አገጬ ሥር፣ ጉሮሮዬ ላይ፣ ጆሮዬ አጠገብ። ሳክክ ውዬ ሳክክ ገባሁ። ዛሬ አባቴ ከሞተ ሠላሳ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ፊቴን ምላጭ ካየው ከዚያም ይበልጣል። በእኛ አገር ልጅ ለአባቱ ጺሙን ያሳድግና በአርባው ያወርዳል። አርባው እሑድ ነው። ስድስት ቀን ቀረኝ።

ጠዋት የቢሮአችን ዋና ጸሐፊ አቶ ተሰማ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ረቡዕ ከደብረ ማርቆስ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። መዝገቡ ይደርደር፣ ወለሉ ይታጠብ፣ "እናንተም ንጹሕ ሆናችሁ ቅረቡ" አሉ። ይህን ሲሉ ወደ እኔ ያዩ መሰለኝ። ምናልባትም በሩን ነው ያዩት።

በመስኮቱ መስታወት ራሴን አየሁት። ክስ ይዞ ከገጠር የመጣ ባላገር እንጂ ጸሐፊ አልመስልም። ዝውውር የጠየቅሁበት ማመልከቻ እኮ በዚሁ እንግዳ እጅ ነው ያለው! እንዲህ ሆኜ ቢያዩኝ ይህን ጎፈሬ ማን ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስደዋል ይላሉ።

እስከ ረቡዕ፦ ነጩን ሸሚዝ ማሳጠብ። ጫማ ማስጠረግ። የኮቱን ቁልፍ መስፋት። ጺም?

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ተላጨሁ። ጻፍኩት፤ በቃ።

ለማንም ስለማላወራው እዚህ እንዴት እንደሆነ ልጻፍ። ከሥራ ስወጣ እስከ ቤት ድረስ አልላጭም፣ አልላጭም እያልኩ ነው የሄድኩት። እንደገባሁ ግን ውኃ ጣድኩ። ውኃው ሲሞቅ ለእግሬ ነው አልኩ። ሳሙናውን ሳነሳ ለማን እንደምዋሽ እንጃ።

መላጫው መስከረም ላይ ከሐጂ ሱቅ የገዛሁት ነው፤ ባለ እጀታ ነው፣ ስሱ ምላጭ ከላይ ይገባና ይጠበቃል፣ በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል። ለመስቀል ጥርባ፣ አባቴ ቤት ስሄድ ይዤው ሄጄ ነበር። አባቴ እንደ ልማዱ በርጩማውን ከደጅ አውጥቶ፣ ቀጥቃጭ የሠራለትን ያንን የድሮ ምላጭ ከአፎቱ መዝዞ፣ ድንጋይ ላይ ስሎ "ና ተቀመጥ" ሲለኝ፣ "እሱ ይቧጭራል፣ እኔ የራሴ አለኝ" አልኩት። ጺሜ ከበቀለበት ቀን ጀምሮ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ላጭቶኝ አያውቅም እኮ። መላጫዬን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ጠቅ አድርጎ ከፈተው፣ ዘጋው። "ለብቻ ነው የሚላጩበት?" አለኝ። አዎ ስለው በአገውኛ፣ ይህ እንግዲህ ሰው ለሌለው ሰው የተሠራ ነው አለና መለሰልኝ። እኔ ሳቅሁ። የራሱን ምላጭ ወደ አፎቱ ከተተ። ከዚያ በኋላ ላላጭህ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ያ መላጫ ጉድ አደረገኝ። ለካ እንዲህ ላደገ ጺም አይሆንም! በመቀስ አስቀድሞ መከርከም ነበረበት፤ ማን ነግሮኝ? ሁለት ጊዜ ስስበው ተሰነቀረ። ብጎትተው ነጨኝ። ምላጩን አውጥቼ አጠብኩ፣ መለስኩ፣ እንደገና ተሰነቀረ። የግራ ጉንጬ ግማሹ ተመልጦ ግማሹ ቀረ፤ ደም እስከ አንገቴ ወረደ። አውሬ የጀመረው ነበር የምመስለው። ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ጸጉር አስተካካዩ ሰይድ ዘንድ ሮጥኩ።

ሰይድ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየኝና አልሳቀም። በታጣፊው ምላጭ፣ በሁለት ደቂቃ፣ አንድም ሳይቆርጠኝ ጨረሰው። "አርባው ወጣ እንዴ?" አለኝ። "አዎ" አልኩ። "አላህ ያጽናህ" አለኝ።

አምስት ቀን ብቻ ነበር የቀረኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

እንግዳው መጡ። መዝገብ ቤቱን በበር በኩል አዩት፣ "ደህና" አሉ፣ ወጡ። እኔን አላዩኝም። ሸሚዜን አላዩትም። ጫማዬን አላዩትም። ጉንጬ ላይ ለደሙ የለጠፍኳትን ቁራጭ ወረቀት እንኳ አላዩም።

ከሸኟቸው በኋላ አቶ ተሰማ ጠሩኝ። ስለ ዝውውሩ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። "ሐዘንተኛ ጸሐፊ አለኝ፣ ሁኔታውን አይተው እንዳይቀየሙ ብዬ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። እሳቸውም እግዜር ያጽናው ብለውሃል። አንተ ግን ተላጭተህ መጣህ፤ አርባው ደረሰ እንዴ?" አሉኝ።

"ቀርቦ ነው" አልኩ። ቀርቦ ነው! ይህ መልስ ነው? አቶ ተሰማ ትንሽ አዩኝና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ማንም አላዘዘኝም። አንድ ቃል ብጠይቅ ኖሮ ተወው ይሉኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ሐሙስ፣ ጥር 16

የፈራሁት ደረሰ። የአባቴ የአጥር ጎረቤት አቶ እንየው በድንበር ክርክር ቀጠሮ ኖሯቸው መጡ። ከሩቅ አውቀውኝ እጃቸውን ዘርግተው "እግዜር ያጥናህ ልጄ፣ እግዜር..." አሉና አጠገቤ ሲደርሱ ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። የእሳቸው ጺም አድጓል። ዘመድ አይደሉም፤ ለጉርብትና ብለው ነው ያሳደጉት። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። "እንዲያው ሰላም ነህ?" ብለው ብቻ አለፉ።

ነገ አገር ቤት ይገባሉ። ነገውኑ አያ ዘለቀ ይሰማል። አያ ዘለቀ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አባቴ ገበሬነቱን ለእሱ፣ ትምህርቱን ለእኔ አካፈለን ይባላል። እኔ አስኳላ ስማር የእኔን ድርሻ ያረሰው እሱ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 17

ምን ልበል? ሳስብ ዋልኩ።

ቋቁቻ ያዘኝ፣ ሐኪም አስላጨኝ ልበል። (ጠባሳው የታለ ቢሉኝስ?) ታምሜያለሁ ብዬ ልቅር። (በአባቴ አርባ?) ጋቢ ተከናንቤ ልዋል። (በዚያ ፀሐይ፣ ዳስ ውስጥ።)

ቅቤ ጸጉር ያበቅላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ጉንጬን ቀብቼው ቢሮ ገባሁ። ዝንብ ከበበኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ጸሐፊ "ምን ሸተተ?" እያለ መዝገቡን ሁሉ አሸተተ። አባቴ ቢያየኝ በሳቅ ይሞት ነበር ብዬ ጻፍኩና ቃሉን ሳየው ብዕሬን አስቀመጥኩት።

ሲዳሰስ ትንሽ ይሻክራል። ሲያዩት የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ እስከ እንጅባራ። አያ ዘለቀ ከመንገዱ ዳር ሁለት ፈረስ ይዞ ቆሟል። ጺሙ ፊቱን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ፍጹም አባቴን መስሏል። ከመኪናው ልወርድ አንዱን እግሬን እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ።

ሰምቷል። ቢሆንም አልተቆጣም። ሳመኝ፤ ጺሙ ጉንጬን ወጋኝ። "ምን ሆነህ ነው?" ብቻ አለኝ።

ያኔ ነው እውነቱን መናገር የነበረብኝ። መንገድ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አፌ ግን ቀደመኝ፦ "መሥሪያ ቤቱ አዘዘኝ። እንቢ ብል ከሥራ እባረር ነበር።"

አያ ዘለቀ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እንደቀለለው ያስታውቃል። "እንዲያ በለኝ! እኔስ ልጁ ምን ነካው ብዬ... መንግሥት ካዘዘ አንተ ምን ታደርጋለህ?" አለና ኮርቻውን አጠበቀልኝ። እስከ ቤት ድረስ በቀርከሃው መሐል ስንሄድ እሱ ስለ ጠላው፣ ስለ ካህናቱ፣ ስለ ዳሱ አወራኝ። እኔ የፈረሱን ጋማ እያየሁ ሄድኩ።

እሑድ፣ ጥር 19

አርባው ወጣ።

ከፍትሐቱ በኋላ፣ ሰው ተዝካሩን ቀምሶ ዳሱ ሞልቶ እያለ፣ የአባቴ በርጩማ ደጅ ወጣ። ምላጩን የያዘው አያ ዘለቀ ነው። መጀመሪያ የእሱን አጎታችን አወረዱለት፤ ከዚያ እሱ በተራ አጎታችንን፣ የአክስቴን ልጆች፣ አቶ እንየውን ላጨ። የእያንዳንዱ ጺም መሬት ላይ ሲወድቅ እናቴ በመዳፏ ትሰበስበዋለች። ለየብቻ በቅጠል ጠቅልላ ከአጥሩ ሥር ልትቀብረው ነው።

ተራዬ ደረሰ። ሁሉም ይህንን ሲጠብቅ የዋለ መሰለኝ። አያ ዘለቀ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ወንድሜን መሥሪያ ቤቱ አስገድዶ ነው ያስላጨው። የእሱ ጥፋት የለበትም" አለ።

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። "አባት የሞተበትን ሰው!" አሉ። "ምን ዓይነት ጨካኝ አለቃ ነው?" አሉ። አንድ ሽማግሌ አቶ ተሰማን በስም ሳያውቋቸው ረገሟቸው። እኔን ደግሞ "አይዞህ ልጄ" አሉኝ፤ ሴቶቹ ከንፈር መጠጡልኝ። እንግዳው እንዳይቀየሙኝ የተከላከሉልኝ ሰው በእኔ አፍ ተረገሙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

አያ ዘለቀ ሳሙናውን እንደሌሎቹ አድርጎ ቀባኝ። ጆሮዬን ይዞ አንገቴን ቀና አደረገው፤ ልክ እንደ አባቴ፣ በሁለት ጣት። የአምስት ቀን ቡቃያ ለመላጨት አንድ አፍታ ይበቃል። እሱ ግን ለአጎታችን የፈጀውን ያህል ጊዜ ፈጀልኝ። ያው ቦታ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ተመላለሰ፤ ሰው እያየ ስለሆነ እንዳላፍር ነው። ምላጩ አልቧጨረኝም። የሚቧጭር አልነበረም፤ መስከረምም አይቧጭርም ነበር።

እናቴ ልትሰበስብ መዳፏን ዘረጋች። አረፋ ብቻ ነው የወደቀው። መዳፏን አይታ ዘጋችው፤ ያው እንደያዘች ሰው ጨብጣ ወደ አጥሩ ሄደች።

ስትመለስ በሰው ፊት "ምላጩን ለትንሹ ስጡልኝ ብሏል አባታችሁ" አለች። "ከተማ ውስጥ የሚላጨው የለውም አለ።"

ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ሁሉም ለአባቴ ያለቀስኩ መሰላቸው። ለእሱም ነበር።

ሰው ሲበተን አያ ዘለቀን ምላጩን ሲያጥብ ደረስኩበት። ነገርኩት። ማንም አላዘዘኝም አልኩት። አለቃዬ አስቀድመው ለምነውልኝ ነበር አልኩት። ዝውውር ፈልጌ፣ ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነው አልኩት። ቀና አላለም። ምላጩን አጠበ፣ በጋቢው ጫፍ አደረቀ፣ እንደገና አጠበው። ከዚያ አፎቱ ውስጥ ከቶ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ደረት ኪሱ አስገባውና ወደ ቤት ገባ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ጠዋት ፈረሱን እሱ ራሱ ጫነልኝ። ቅዳሜ ያን ያህል ሲያወራ የነበረ ሰው እስከ መኪናው መንገድ አንዲት ቃል አልወጣውም። የአለንጋውን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ ሄድኩ።

መኪናው ሲመጣ "ለሽማግሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። "ያ ሰውዬ በከንቱ ተረግሞ አይቀርም።"

"እኔ ልንገራቸው" አልኩ።

"አንተማ ለሰውዬው ራሱ ትነግረዋለህ።"

ጆንያው ላይ ወጣሁ። አያ ዘለቀ የደረት ኪሱን ዳሰሰ። "ምላጩ የአንተ ነው፤ አባባ ብሏል። ግን እኔ ዘንድ ይቆይ። አምስት ቀን ለአባትህ ጎድሎብሃል፤ ሳትላጭ ቁጠርና ሙላው። ስትሞላ ትመጣለህ።"

መኪናው ተንቀሳቀሰ። እሺ ያልኩት ሰምቶት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ገና በጠዋት አቶ ተሰማ ዘንድ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እርግማኑን ጭምር። መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ስል "ለመሆኑ ምን ብለው ነው የረገሙኝ?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ሊይዙ ሲታገሉ አየሁ፤ ከዚያ ፊታቸው ጠቆረና "ስለ ዝውውሩ ሌላ ጊዜ እናወራለን" አሉ። በዚህ ፊት የሚወራ ዝውውር ያለ አይመስለኝም። ቅዳሜ ጥርባ ልሂድ ብዬ ፈቃድ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አጣሁ። ነገ እጠይቃለሁ።

አያ ዘለቀ ምላጩን የያዘብኝ ሊቀጣኝ ይሁን ወይስ እንድመጣለት፣ እስካሁን አላወቅሁም። ቢሰጠኝስ ምን አደርገዋለሁ? በአባቴ ምላጭ ሰው ራሱን መላጨት አይችልም።

የቆርቆሮው ሣጥን መስኮቱ ላይ ነው። ዛሬ አልከፈትኩትም። ያሳክከኛል። ሁለተኛ ቀን።