ከፌስታሉ በፊት የነበሩት አቶ በእውቀቱ

አቶ በእውቀቱ የኔሰው ከአባታቸው ከመሪጌታ የኔሰው ተገኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ ብርሃን፣ በዋግ ኽምራ ዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ ከፍ ብላ ባለች መንደር መስከረም 10 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ክርስትና ሲነሡ ገብረ አምላክ ተባሉ። እናታቸው ከእሳቸው በፊት አራት ልጅ ቀብረው ስለነበር፣ አባታቸው ይህን ደግሞ እሱ ያውቃል ብለው በእውቀቱ የሚል የዓለም ስም አወጡላቸው። እንግዲህ ይህ ለሰው የወጣ ስም ነው። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ያስፈለገው፣ ዛሬ እዚህ ከቆመው ቀባሪ ግማሹ ሰው በዚህ ስም ሲጠራ ሰምቶ ስለማያውቅ ነው።

ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ዳዊት ደገሙ፤ ጾመ ድጓ ጀምረው ተዉት። ለዜማ የሚሆን ድምፅ አልነበራቸውም፣ ይህንንም ሲጠየቁ አይክዱም ነበር። በቤት ኽምጣንጋ፣ በቤተ ክርስቲያን ግእዝ፣ በገበያ አማርኛ እየሰሙ አድገው፣ በ1959 ዓ.ም. ሰቆጣ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩና እስከ ስምንተኛ ክፍል ዘለቁ። በስልሳ ስድስቱ ድርቅ አባታቸውን አጡ። እናታቸውንና ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ የሻሽወርቅን የሚረዳ ሌላ ሰው ስላልነበረ ወልድያ ሄደው በአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ሱቅ ተቀጠሩ። ሚዛን ሲይዙ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ዓይናቸው ወደ ጎን አያይም ይባልላቸው ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ መስታወት እንዳለው ጋር ጋብቻቸውን በተክሊል ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። የመጨረሻዋ ባንቺ ናት። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውም እሷ ናት።

በ1985 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሰቆጣ ተመለሱና ከሐጂ ሰላሕ ሱቅ ጎን የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሁለቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ግድግዳ ተጋርተው ሲነግዱ አልተቀያየሙም ቢባል ውሸት ነው። ተቀያይመዋል። ነገር ግን በፋሲካና በኢድ ሳይጠያየቁ የቀሩበት ዓመት የለም። በ1990 ዓ.ም. አቶ በእውቀቱ ሱቃቸውን አስፍተው፣ ሰው ራሱ ገብቶ ዕቃ የሚያነሳበት አድርገው፣ «በእውቀቱ ሱፐርማርኬት» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ሱፐርማርኬቱ አራት መደርደሪያ ነበረው።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሰቆጣ ሰው ገበያ የሚወጣው መያዣውን ይዞ ነበር። ዘንቢል ያለው በዘንቢል፣ የሌለው በስልቻ ወይም በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይመለሳል። ጨውና በርበሬ በደብተር ወረቀት ይጠቀለላል፣ ቅቤ በቅጠል ይሸፈናል፣ ዘይት ለመግዛት የመጣ ጠርሙሱን ያቀብላል። አቶ በእውቀቱ ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት መሰላቸው። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሃያ ሺህ ፌስታል አሳትመው አስመጡ። ፌስታሉ ነጭ ነው፤ ላዩ ላይ በሰማያዊ ቀለም «በእውቀቱ» የሚለው በትልቁ፣ «ሱፐርማርኬት፣ ሰቆጣ» የሚለው ከሥሩ በትንሹ ተጽፎበታል። አንድ ሳሙና ለገዛ ሁሉ በነጻ ይሰጡት ነበር።

ከተማው በፌስታሉ ተደነቀ። ሴቶች አጥበው ገመድ ላይ ያሰጡት ነበር። የገጠር ካህናት ዳዊታቸውን ከዝናብ ይከልሉበት ነበር። አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ያለ እሱ መሄድ ያሳፍረው ጀመር። ከኒሯቅና ከጽጽቃ የሚመጡ ኽምጣንጋ ተናጋሪ ገበያተኞች ደግሞ ለዕቃው ስም አልነበራቸውም። በትልቁ የተጻፈውን አስነበቡና እሱኑ መጠሪያው አደረጉት። «አንድ በእውቀቱ ጨምርልኝ» ማለት የተጀመረው ያኔ ነው። ከተሜው መጀመሪያ ለቀልድ ተቀበለው፤ ሲውል ሲያድር ቀልዱ ተረሳና ቃሉ ቀረ። ሐጂ ሰላሕ እንኳ ከሌላ ቦታ ያስመጡትን ጥቁር ፌስታል ጥቁር በእውቀቱ እያሉ ይሸጡ ነበር። አቶ በእውቀቱ በዚያን ጊዜ ደስ አላቸው። ለቀብር የሚጻፍ ነገር ሁሉ መሸፋፈን የለበትምና እንናገረው፤ በጣም ደስ አላቸው።

በግንቦት ወር 1996 ዓ.ም. የእህታቸው የወይዘሮ የሻሽወርቅ ላም ታመመች። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ባላቸውን ቀብረው ዓመት ከመንፈቅ የሆናቸው ሴት ነበሩ። ያለቻቸው ያቺ ላም ብቻ ናት፤ እሷም ለመውለድ ወር የቀራት ነበረች። መኖ እምቢ አለች፣ ሆዷ ተነፋ፣ በአምስተኛው ቀን ሞተች። የእንስሳት ሐኪሙ ጨጓራዋን ሲከፍት የተድበለበለ ፌስታል አወጣ፤ የጥቅል ጎመን ያህል ነበር። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከመካከሉ አንዱን ስበው አጥበው ዘረጉትና ወንድማቸውን አስጠሩ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ያሉት ይህን ብቻ ነው።

«ወንድም ዓለም፣ ስምህ ሳይለቅ ነው የወጣው።»

አቶ በእውቀቱ ለእህታቸው ሌላ ላም ገዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ከሱቃቸው አንድ ፌስታል አልወጣም። ያሰቡት ቀላል መስሏቸው ነበር፤ ያስገባሁትን እኔው አስወጣለሁ፣ ስሜም ወደ እኔ ይመለሳል አሉ። ቀሪ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ያለቀው በዚህች ሐሳብ ነው።

መጀመሪያ ወይዘሮ መስታወትና ልጆቹ ወረቀት በሊጥ እያጣበቁ ከረጢት ይሠሩ ጀመር። ወረቀቱ ከአንድ ትምህርት ቤት በኪሎ የተገዛ አሮጌ ወረቀት ነበር። ከአሮጌው ጋር የዚያው ዓመት የፈተና ወረቀት ተቀላቅሎ መውጣቱን ያወቀ አልነበረም። ስኳር የገዛ ወላጅ ሁሉ የጎረቤቱን ልጅ የሒሳብ ውጤት እያነበበ ቤቱ ገባ። በዚያ ሳምንት ሰቆጣ ውስጥ ያልተቆነጠጠ ልጅ አልነበረም ይባላል። ባንቺም ከመቶ ሃያ ሦስት ማግኘቷን የሰማችው ምስር ከገዛች የሰፈር ሴት ነው። ይህ ሲበርድ ደግሞ ክረምት ገባ። ወረቀቱ እየራሰ ስኳሩ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ደንበኛም ወደ ጎረቤት ሱቅ ዞረ።

አቶ በእውቀቱ ከአበርገሌ ሰፊዎች ዘንቢል አስመጥተው በመጡበት ዋጋ አቀረቡ። ሰው ገዝቶ ቤቱ ሰቀለውና በማግስቱ እጁን እያወዛወዘ መጣ። ሐጂ ሰላሕ አንድ ቀን ሱቃቸውን ትተው ገብተው እንዲህ አሏቸው።

«በእውቀቱ፣ እኔም አልወደውም። ግን ሰው አሁን ባዶ እጁን ነው ከቤቱ የሚወጣው። አስለመድከው፤ ማስለመድ እንጂ ማስተው በአንተ እጅ አይደለም።»

አቶ በእውቀቱ አልሰሟቸውም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ስማቸው የተጻፈበትን አሥር አሮጌ ፌስታል ላመጣ ሁሉ አንድ ክብሪት ይሰጡ ጀመር። ሃያ ሺህ ነው ያሳተምኩት፣ ሃያ ሺህ ሰብስቤ እሞታለሁ ይሉ ነበር። ከግራር እሾህ ላይ የተቦጫጨቀ፣ ከወንዝ ዳር ጭቃ የለበሰ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የተለቀመ መጣላቸው። አጥበው፣ ቆጥረው፣ ከሱቁ ኋላ ባለው ክፍል በማዳበሪያ ከረጢት ያስቀምጡት ነበር። ማዳበሪያውም ያው ፕላስቲክ መሆኑን ወይዘሮ መስታወት የነገሯቸው ቀን ራት አልበሉም። በስድስት ዓመት አሥራ ሦስት ሺህ ደረሱ።

በ2004 ዓ.ም. ከኒሯቅ የመጣች አንዲት ሴት አሥር ፌስታል ቆጥራ ሰጠቻቸው። ፌስታሎቹ አልተጨማደዱም፣ አልቆሸሹም፤ ገና አዲስ ይሸታሉ። ከወዴት እንዳመጣቻቸው ሲጠይቋት ወልድያ ዕቃ ስትገዛ የተሰጧት መሆኑን ነገረቻቸው። በማግስቱ አውቶቡስ ይዘው ወልድያ ወረዱ። በሦስት ሱቅ የገዛ ስማቸውን ተንጠልጥሎ አገኙት። ፋብሪካው ያኔ የተቀረጸውን ጽሑፍ ሳይቀይር ለሌላ ነጋዴ ሁሉ ያትምበት ኖሯል። አንዱ ጅምላ ሻጭ፣ ሰው ጥንካሬውን እንጂ ጽሑፉን ማን ያየዋል ብሎ ሳቀባቸው። ለፋብሪካው ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም። ክብሪት መስጠቱን ግን አላቆሙም፤ ለምን ብላ ባንቺ ስትጠይቃቸው፣ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም ብለው መለሱላት።

በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡ ከተማውን ለቆ ሸሸ። ሱቁ ተዘረፈ። ማን እንደዘረፈው ማውራት የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ዘራፊዎቹ የፈለጉት ፓስታውንና ዘይቱን ነበር። መያዣ ሲያጡ ማዳበሪያዎቹን ከኋላ ክፍል አወጡና በውስጣቸው የነበረውን መንገድ ላይ ዘረገፉት። አቶ በእውቀቱ ሲመለሱ ከሱቃቸው ደጃፍ እስከ ወንዙ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ነጭ ለብሶ ቆያቸው። በስልሳ አራት ዓመታቸው ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ። ሦስት ቀን ለቀሙ። በአራተኛው ቀን ከቤት አልወጡም።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ መደርደሪያ ባዶ ሆነ፣ ፌስታልም ጠፋ። ሰው ዘንቢሉን ከተሰቀለበት አወረደ፤ የሚያስገባበት ነገር ግን አልነበረም። አንድ ጎረቤት ይኸው ምኞትዎ ደረሰ ብሎ ሲቀልድባቸው፣ እኔ የተመኘሁት ሙሉ ዘንቢል ነው አሉት። መንገዱ ሲከፈት ከመጀመሪያው የጭነት መኪና ከወረደው ዕቃ አንዱ ፌስታል ነበር።

በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ መጽደቁን በሬዲዮ ሰሙ። ልጆቻቸው እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይተዋቸው አያውቁም። አዲስ ጋቢያቸውን ደርበው ገበያ ወጡ። ገበያው ወሬውን ሰምቷል፤ የሚያወራው ግን በራሱ ቋንቋ ነው። በእውቀቱ ተከለከለ ይላል አንዱ። በእውቀቱን ይዞ የተገኘ ይቀጣል ይላል ሌላው። አንዲት ቲማቲም ሻጭ ወጣት ማን መሆናቸውን ሳታውቅ፣ አባባ ቶሎ ይግዙ፣ በእውቀቱ ሊያልቅ ነው አለቻቸው። ቲማቲሙን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ ፈርጦ ጋቢውን አበላሽቶት ነበር። እስከ መስከረም ድረስ ፌስታሉ ከመደርደሪያ ላይ ወደ ባንኮኒ ሥር ወረደ እንጂ ከሰቆጣ አልወጣም።

ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ሕመም ጠናባቸው። በሰቆጣ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ መድኃኒታቸው በትናንሽ ፌስታል ይመጣላቸው ነበር። ባዶውን አጣጥፈው ለነርሷ ይመልሱላታል፤ እሷም በትሕትና ተቀብላ ከበሩ ውጭ ትጥለዋለች። ይህን ያውቁ ነበር። ከማረፋቸው ሁለት ሳምንት በፊት ልጃቸውን ባንቺን አስጠግተው ተናዘዙላት።

«ስሜን አታስለፍፊው። ይሳቅበታል። ገብረ አምላክ ብላችሁ ቅበሩኝ።»

ባንቺ እሺ አለች። አቶ በእውቀቱ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የእድሩ ለፋፊ ገብረ አምላክ የኔሰው አርፈዋል እያለ ከተማውን ዞረ። ሰው በየደጁ ቆሞ ሰማው፣ የማን ዘመድ ይሆን አለ፣ ተመልሶ ገባ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥነው ቤተሰቡና ሐጂ ሰላሕ ብቻ ነበርን። ሐጂም የመጡት ልቅሶውን በግድግዳ ሰምተው ነው። ለፋፊው ተመልሶ መጣና ይህን ስም የሚያውቅ የለም፣ ምን ልበል ብሎ ጠየቀ። እስካሁን ባንቺ እያልኩ የጻፍኩት ስለ ራሴ ነው። አባቴ ያለ ቀባሪ እንዲሄዱ አልቻልኩም። በእውቀቱ በል አልኩት።

ሄደ። ከገበያው በኩል ሲጠራው ሳቅ መጣ። አዋጁ ሥራ ጀመረ መስሏቸው ነው። ለፋፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

«በእውቀቱ አርፈዋል። ፌስታሉ አይደለም፤ ሰውየው ናቸው።»

ዛሬ ከዚህ የቆማችሁት ያንን ሰምታችሁ ነው። ስለመጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

አቶ በእውቀቱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መስታወት እንዳለውን፣ እህታቸውን ወይዘሮ የሻሽወርቅ የኔሰውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ከልጅ ልጆቻቸው መካከል በስማቸው የተጠራ የለም።

አባቴ ሆይ፣ ቃሌን ስላልጠበቅሁ ይቅር ይበሉኝ። እኛ ልንመልስልዎ ያልቻልነውን ስም የሰጠ አምላክ፣ የአገልጋዩን የገብረ አምላክን ነፍስ ሌላ ማንም በማይጠራበት ስሟ ጠርቶ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። አሜን።