«ከዘሯ ነው» ላልከው ወንድሜ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? እማማን ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ተብለን ስላደግን ነው እንጂ፣ ለዛሬስ እንቅልፍ ባይወስድህ ደስ ይለኛል።

ሚስትህ እዚህ ናት። የሃያ ቀን አራስ ከአባቷ ጋር ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላትታ፣ ዓርብ ዕለት ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት፣ መስኮቴ ፊት ቆመች። ልጁ በጀርባው መተኛት ስለማይችል በክንዷ ላይ በሆዱ አስተኝታው ነበር። ወገቡ ላይ ያለውን እብጠት አየሁት። አንተም አይተኸዋል፤ አይተህም «ይኼ ከእነሱ ዘር የመጣ ነው፣ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ተወልዶ አያውቅም» ብለህ ወደ አባቷ ቤት ሰደድካት። ምላስህን ይቁረጠው ልል ነበር፣ ወንድሜ ሆንክብኝ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት የወሊድ መዝገብ የጻፍኩ ሴት ነኝ። ከመቶ ሕፃን ሁለት ሦስቱ አንድ ነገር ይዘው ይወለዳሉ፤ አንዱ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ አንዱ እግሩ ዞሮ፣ አንዱ ልቡ ላይ ቀዳዳ ኖሮበት። የዳኛውም ልጅ፣ የዘበኛውም ልጅ። ሐኪሞቹ እናቲቱን የሚጠይቋትን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ ስኳር አለብሽ ወይ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ፣ ትጠጫለሽ ወይ፣ ታጨሻለሽ ወይ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ነበረብሽ ወይ፣ ከባልሽ ጋር ትዛመዳላችሁ ወይ። ብዙ ጊዜ መልሱ ሁሉ «የለም» ይሆንና ሐኪሙ ራሱ ምክንያቱን አላውቅም ይላል። አንተ ግን፣ ጣውላ ሻጩ፣ አንዴ አይተህ አወቅኸው!

ሌላ አንድ ጥያቄያቸው ግን የእኛን ቤት ይነካል፦ ክኒኑን ሳታረግዢ ጀምረሽ ነበር ወይ። ፎሊክ አሲድ የሚባል ክኒን አለ። ከእርግዝና በፊት ተጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲወሰድ እንዲህ ያለውን የአከርካሪ ችግር በብዙ ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ አያስቀረውም። ሚስትህ እጅ የገባው በአምስተኛው ወር ነው። በእኛ ቤት እርግዝና ሆድ ሳይገፋ አይወራማ! ገና ሳታረግዝ ደውላ «እትዬ፣ ጤና ጣቢያ የሚሰጡትን ክኒን ልጀምር ወይ?» ብላኝ ነበር። ጠየቀችህ፤ «ሳታረግዢ ክኒን ስትውጪ ቢያዩሽ ምን ይላሉ?» ብለህ ከለከልካት። አንተን እንድትጠይቅ የላክኋት ደግሞ እኔ ነኝ። «ባልሽን ጠይቂ» አልኳት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ስጽፍልህ ፊቴ እየነደደ ነው።

ትናንት ቀዶ ሐኪሙ የስምምነት ወረቀቱን ይዞ መጣ። እብጠቱ ሳያመረቅዝ መዘጋት አለበት፣ እግሮቹ ይራመዱ አይራመዱ ግን ዛሬ የሚያውቅ የለም አለን። እኔም ከልማዴ አልተፋታሁምና አባቱ እስኪመጣ ቢጠበቅስ አልኩ። ሚስትህ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። «የሚጠየቅ ባል የለኝም፤ እናቱ እኔ ነኝ» ብላ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ፈረመች።

እማማን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ የልጅ ልጇ አገጩ ቁርጥ የእሷን እንደሆነም ንገራት። ትንሿ እህታችንን ሳምልኝ፤ ከሠርጓ በፊት ትደውልልኝ፣ ክኒኑን እኔው እልክላታለሁ። አባርራት ብሎ የመከረህ ልብስ ሰፊው አጎታችን ሰላምታዬ ይቅርበት። ይህን ደብዳቤ ይዘው የመጡት አማትህ፣ የሚስትህ አባት ናቸው፤ ደጅ እንዳታስቆማቸው።

ቀዶ ሕክምናው የፊታችን ዓርብ ጠዋት ነው። ና ብዬ አልለምንህም። ከመጣህ ግን በእኔ በኩል እገባለሁ ብለህ አታስብ፤ ልጁን ለማየት የምትጠይቀው እሷን ነው።

እህትህ
ከሆስፒታሉ መዝገብ ቤት
ማክሰኞ፣ ጥር ፲፰ ቀን