«እጅግ በጣም ረክቻለሁ» ብዬ የፈረምኩባት ሞተር

ለተከበሩ አቶ ሳሙኤል፣
የሞተር ሳይክል አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት የሆሳዕና ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በመሸጫ ሱቅዎ በር ላይ ለተሰቀለው ለገዛ ፎቶግራፌ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቀኝ ትከሻዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ፈርቷል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ «የአንደኛ ዓመት የባለንብረት እርካታ መጠይቅ» ስለ ደረሰኝ ነው። በመጠይቁ ላይ የተደረደሩት ሳጥኖች ዓይን የሚስቡ ቢሆኑም «ረክቻለሁ»፣ «በጣም ረክቻለሁ» እና «እጅግ በጣም ረክቻለሁ» ከሚሉት ሌላ ምርጫ ስላልሰጡኝ፣ «ፈርቻለሁ» የሚለውን የት ላይ ልጻፈው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አሰብኩ። ቦታ አጣሁለት። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

1ኛ. ስለ ርክክቡ ቀን ከልብ አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት እኔ በዚሁ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሞተሯን ልረከብ ስመጣ እንደ ወጋችን ብቻዬን አልመጣሁም፤ አባቴ ከፎንቆ፣ አጎቶቼ ከሆመቾ፣ ታናሽ እህቴ ትርፊት ከአንጋጫ መጥተው፣ አባቴ እጁን መሪዋ ላይ ጭኖ በሀዲይኛ ሲመርቃት ሁላችንም አሜን ብለናል። እርስዎም ለሽማግሌዎቹ ወንበር አስወጥተው ለስላሳ ጋበዙልን። ሠራተኛዎ ሀኒ ሃያ ጥያቄ ያለበትን መጠይቅ በሁለት እጇ ያቀረበችልኝ ልክ በዚያች ሰዓት ነው። እንግዲህ አባቴ ለስላሳዎን እየጠጣ፣ የአሜኑ ድምፅ ገና ከግቢው ሳይወጣ፣ «ቆዩ፣ መጀመሪያ ልንዳትና ልያት» ማለት እንዴት ይቻላል? ይሉኝታ ያዘኝና ሃያውንም «እጅግ በጣም ረክቻለሁ» ብዬ ሞላሁት። «ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ የፊት መስታወቱ መያዣ ጥንካሬ እንዴት ነው?» የሚለውን እንኳ አላለፍኩትም፤ በዚያን ጊዜ ሞተሯ የተጓዘችው ከመጋዘንዎ እስከ በርዎ ድረስ ነበር። ከዚያ ፎቶ አነሱኝ። ጥርሴ ከዳር እስከ ዳር ይታያል።

2ኛ. ስለ ሞተሯም ቢሆን ሐሰት አልናገርም። ሁለት በአንድ ተብላ የተሸጠችልኝ ይህች መካከለኛ ሞተር፣ ለረጅም መንገድ ነፋስ የሚከልል የፊት መስታወትና ሁለት የጎን ሳጥኖች ይገጠሙላታል፤ ለከተማ ሲሆን ደግሞ ያለ መፍቻ፣ አንዲት ትንሽ መያዣ ገፋ በማድረግ ብቻ ሁሉም ይወልቁላታል። መልሰው ሲገጥሟቸው መያዣው «ጠቅ» ይላል፤ ጠቅ ካለ ተቆልፏል ማለት ነው። ወንበሯ ምቹ ነው፤ ዱራሜ ደርሼ ስመለስ ወገቤን አላመመኝም፤ ለዚህ ይባረኩ። ማስታወቂያዎ መስታወቱ በአንድ ደቂቃ እንደሚወልቅ ይናገራል። ትሕትናዎን አደንቃለሁ፤ የእኔው አንድ ደቂቃም አልፈጀበትም።

3ኛ. በኅዳር ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ቁልቁለቱን ስወርድ መስታወቱ ከቦታው ተነሳ። ከቤት ስነሳ ጠቅ ብሎ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ገለበጠውና መጥቶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ያየሁት አቧራ ብቻ ነው። እስከ አራት ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነበር። በዚያ ፍጥነት በአራት ሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚኬድ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ከአፌ የወጣው «እናቴ!» የሚለው ብቻ ነው። ከመንገድ ወጥቼ፣ አጥር ጥሼ፣ የመንገዱ ዳር ነዋሪ የወይዘሮ አስካለች እንሰት ውስጥ ገባሁ። እንሰቱ ተቀበለኝ እንጂ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ባልኖረ ነበር። ወይዘሮ አስካለች ውሃ አጠጥተውኝ ሲያበቁ መስታወቱን ከአጥሩ ላይ አንስተው አገላብጠው አዩትና፣ ልጄ፣ መስኮት ተሸክመህ ወዴት ነው የምትሄደው ብለው ጠየቁኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አልሆንኩም። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እስክሪብቶውን ጠቅ ሲያደርግ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። አርባ ልጅ ፊት ያሳፍራል፤ ግን ይወድቃል።

4ኛ. ለአቤቱታ ስመጣ ስለ ተደረገልኝ መስተንግዶም ሳላመሰግን አላልፍም። ክንዴን በሻሽ አንጠልጥዬ ስቀርብ ሀኒ ወንበር ሰጥታኝ፣ ፋይሌን አውጥታ፣ የገዛ ፊርማዬን አሳየችኝ። ጥያቄ አሥራ አራት፣ የመስታወት መያዣ፣ እጅግ በጣም ረክቻለሁ። ቅሬታዬ ከፊርማዬ ጋር ስለማይጣጣም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊላክ እንደማይችል በለሰለሰ አንደበት አስረዳችኝ። እርሷ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው፤ አልቀየምኳትም። ሠራተኞችዎም ያንኑ መያዣ አጥብቀው መልሰው ገጠሙልኝ። ጠቅ አለ።

ስወጣ ፎቶዬን አየሁት። ቁመቴን አክሏል። ሥሩ ላይ «መምህር እንድርያስ እጅግ በጣም ረክቷል፤ እርስዎስ?» የሚል ተጽፎበታል።

5ኛ. እውነተኛው ነገሬ ይህ ነው፤ ከላይ ያለውን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህኛው ድፍረት እስካገኝ ነው። የርክክቡ ቀን መጠይቅዎ ሃያኛው ጥያቄ «ይህን ሞተር ለቤተሰብዎ አባል ይመክራሉ?» ይላል። መክሬያለሁ። እህቴ ትርፊት ነርስ ናት፤ በአንጋጫ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች እየዞረች ሕፃናት ትከትባለች። በጥቅምት ወር ከፎቶዬ ሥር ቆማ፣ ወንድሜ ከረካማ ብላ፣ ያችኑ ሞተር ገዛች። እኔም በኅዳር ወር በዚያ ቁልቁለት የወረድኩት እንኳን ደስ አለሽ ልላት ነበር።

ከእንሰቱ ከወጣሁ በኋላ ሁሉን ነገርኳት። ትከሻዬን አሽታ አሰረችልኝ፤ ቀጥላም ሳቀችብኝ። በልጅነቴ የአባታችንን በቅሎ እፈራ እንደነበር አነሳችብኝ። የእኔዋ እኮ ጠቅ ትላለች አለችኝ። የእኔዋም ብላ ነበር! የላስቲክ ገመድ ገዝቼ መስታወቱንም ሳጥኖቹንም በእጄ አሰርኩላት፤ በሳምንቱ ፈታችው፤ ፎቶህ ላይ ገመድ የለም፣ ደግሞስ አንተው ራስህ ፈርመህ የለም እንዴ አለችኝ። «በቃ ሁሉንም አውልቀሽ ንጂ» ብላት፣ «ክትባቱን በምኔ ልያዘው?» አለች። እውነቷን ነው፤ የክትባቱን ዕቃ የምታስቀምጠው በጎን ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሳጥኖቹን ከኋላ ጎማው አጠገብ የያዛቸውም ያው መያዣ ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ ያንን ቁልቁለት ትወርዳለች። በእነዚያ ቀኖች ስልኬን የመምህር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ «ደረስኩ» የምትለው መልእክቷ እስክትመጣ ድረስ የማስተምረውን አላውቀውም። ባለፈው ሐሙስ መልእክቷ አርባ ደቂቃ ዘገየ። ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ተማሪዎቼን ትቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ኋላ ሲታወቅ ባትሪዋ አልቆ ኖሯል። አቶ ሳሙኤል፣ በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝም። እህቴን በገዛ ፈገግታዬ የገደልኳት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ጊዜዎን ላለማጥፋት ልመናዬ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ፎቶዬን ያውርዱልኝ፤ ፈገግታዬን ይመልሱልኝ፣ ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ። ሁለተኛ፣ ይህችን ሞተር የገዙት ሰዎች ስም ሁሉ በዚያ ንጹሕ ፋይልዎ ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንድ በአንድ ጠርተው መያዣውን በብሎን በሚታሰር ይቀይሩላቸው። እባክዎን ከእህቴ ይጀምሩ። እኔን አትሰማኝም፤ ፈሪ ነኝ። እርስዎን ግን ትሰማለች፤ ማኅተም አለዎት።

ለአቤቱታዬ ያልሰጡኝን ጊዜ ለዚህ ደብዳቤ እንደሚሰጡ ተስፋ በማድረግ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ የያዙት ሁሉ እንደ ተያዘ እንዲቆይልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከማይቆም መንቀጥቀጥ ጋር እሰናበታለሁ።

እንድርያስ ላፌቦ
የፊዚክስ መምህር፣ የበርዎ ጌጥ
ሆሳዕና

ማስታወሻ፤ ሳልረሳው፣ ባለፈው ቅዳሜ ወደ አንጋጫ በሚኒባስ ስሄድ (ከኅዳር ወዲህ ያለ ሚኒባስ አልሄድም) ከጎኔ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። ሰላም ስልዎት በትሕትና መለሱልኝ፤ ዓመት ሙሉ በርዎ ላይ የሰቀሉትን ፊት ግን አላወቁትም። ሞተር የሚሸጥ ሰው በሚኒባስ ምነው ብዬ ብጠይቅዎ፣ ይህን ቁልቁለት በሞተር እንዳይወርዱት ባለቤትዎ አጥብቀው እንደሚከለክሉዎት እየሳቁ አጫወቱኝ። እግዚአብሔር ያኑርልዎ። ትርፊትም የሚከለክላት ወንድም አላት፤ ነገር ግን እርሷ ሞተር አስነስታ በወጣች ቁጥር እርሱ በርዎ ላይ ቆሞ፣ ጥርሱን ከዳር እስከ ዳር እያሳየ፣ እጅግ በጣም ረክቻለሁ ይላታል።