በመጨረሻው በር አሥራ ሁለት ነበርን

ዲላ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀድሞው እጮኛዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ ለመደህ? እኔ ከአንተ ሞት በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ደህና ነኝ። ክረምቱ ገብቷል፤ የዲላን ጭቃ አንተም ታውቀዋለህ። ተማሪዎቼን ፈትኜ ጨርሻለሁ፤ እንግሊዝኛቸው ዘንድሮም የሚያስለቅስ ነው። ወንድምህ ባርናባስ ደህና ነው፤ አሁንም አሪቻ ቡና ማጠቢያው ጣቢያ ይሠራል፤ ሴት ልጅ ወልዷል። እናትህም ደህና ናቸው። ትንሽ አሟቸው ነበር፤ አሁን ግን ምንም አያማቸውም። ከኢዲዶ ግቢያቸውም አልራቁም።

የሰላምታው ወግ ይብቃን። የምጽፍልህ በስልክ ስናገር ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋብኝም፤ ብትቀደው እንኳ አንብበህ ነው የምትቀደው።

ከሞትክ አሥራ አራት ወር ሆነህ። በዚህ በዲላም በኢዲዶም በሕይወት መኖርህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ምሥጢር ይዤ እንዴት እንደኖርኩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

እንግሊዞቹ አንተን የመረጡህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? የእግር ጉዞ አዘጋጆቹ ከትክል ድንጋዮቹ ተነስቶ በቡናና በእንሰቱ መሀል እስከ ገደብ ድረስ እንግዳ የሚያስከትል ሰው ፈልገው መጡ። ስድስት አስጎብኚ አወዳደሩና አንተን ወሰዱ። አገራቸው ሄደህ፣ ከእነሱው አገር ሰዎች ጋር አሥራ ሁለት ቀን ተጉዘህ፣ ሥራውን አይተህ እንድትመለስ ነበር። እናትህ ደስ ብሏቸው ለጎረቤቱ ሁሉ ሲናገሩ፣ ልጄን ፈረንጆቹ መራመድ ሊያስተምሩት ወሰዱት ይሉ ነበር። ከኢዲዶ ይርጋጨፌ ትምህርት ቤት በእግሩ እየተመላለሰ ላደገ ልጅ!

እዚያ ሆነህ በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። አንሶላ የሚያህል ካርታ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሁለት ሁለት ምርኩዝ ይዘው፣ በዝናብ ውስጥ ቆመው ዳቦ እየበሉ እንዴት ያለ ውብ ቀን ነው የሚሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች። ለመራመድ የሚከፍል ሰው አየሁ ብለህ አብረን ሳቅን። እያንዳንዱ የበግ መስክ በድንጋይ አጥር ይከበባል፤ አጥሩ በር አለው፤ የመጨረሻው ሰው በሩን ይዘጋል። መሪያችሁ ማርጋሬት ከፊት ትሄዳለች፣ አንተ ከኋላ ማንም እንዳይቀር ትሰበስባለህ፤ በየበሩም ቆማ ትቆጥራችኋለች። አሥራ ሁለት። እንደገና በር፣ እንደገና አሥራ ሁለት። እኔ እንኳን እኛ አገር ሰው አይቆጠርም፣ ይህች ሴትዮ ክፉ ታመጣባችኋለች ብዬ ቀለድኩ። እናትህ ሰባት ወልደው ስንት ልጅ አለዎት ሲባሉ፣ እግዜር የሰጠኝን ያህል ነው የሚሉት።

በዘጠነኛው ቀን ስልክህ ጠፋ። ከዚያ ከእንግሊዞቹ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ቀን በውሻና በሄሊኮፕተር ፈልገውህ፣ ቦርሳህን ከአንድ ሐይቅ ዳር አግኝተውት፣ አንተን አጡህ። ደብዳቤውን ለባርናባስ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ለእናትህ ግን እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ሄደው በራቸውን አንኳኩ። እናትህ በሩን ከፍተው ሦስት ሆነው ቆመው ሲያዩዋቸው፣ ገና አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ መሬት ወደቁ።

ግቢያችሁ ውስጥ ድንኳን ተጣለ። የቤተ ክርስቲያናችሁ መዘምራን ሦስት ቀን ዘመሩልህ። ከዲላ የእኔ ሰዎች ሁለት ሚኒባስ ሞልተው መጡ፤ አንተን የኢዲዶ ጴንጤ እያለች ስታጣጥል የኖረችው እናቴ ሳትቀር ደረቷን እየደቃች አለቀሰችልህ። አስከሬን ስለሌለ ባርናባስ ከእንሰቱ ጥግ የሲሚንቶ ሐውልት አሠርቶ የምርቃት ፎቶህን በመስታወት ውስጥ አደረገበት። ከአጠገቡ አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ እናትህ ማንም እንዳይተክልበት ከለከሉ። ባገኘው ጥግ ቡና የሚተክለው ባርናባስ እንኳ እሺ አለ፤ መሬቱ ባዶውን ቀረ።

ከዚያ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ነበርኩ። እኔ ነኝ፣ እንዳትጮኺ አልከኝ። አልጮህኩም። ጠመኔ የነካ እጄን አፌ ላይ ጭኜ አዳመጥኩህ። ደግሞ ትስቅ ነበር። በመጨረሻው በር ዝናቡ በርትቶ ሁሉም ኮፍያቸውን እስከ አፍንጫቸው ለብሰው ሳለ፣ በሩን ሊያይ የመጣ አንድ ገበሬ ከመሀላቸው ቆሞ ኖሮ ማርጋሬት እሱን ቆጥራ አሥራ ሁለት ብላ አለፈች። አንተ ከአጥሩ ጀርባ ተኝተህ ድምፃቸው እስኪርቅ ጠበቅክ። ቦርሳው ቀለሙ ከሩቅ ስለሚታይ ጣልከው። በሌላ ሰው ስም ሥራ አግኝቻለሁ፣ ወረቀቴ እስኪስተካከል ለማንም አትንገሪ አልከኝ። ለእናትህስ? አልኩህ። እሷ እልልታዋን መያዝ አትችልም፣ አገር ይሰማል፤ ሁለት ወር ብቻ ታገሽኝ አልከኝ።

ታገስኩህ። እናትህን ማቅ አልብሼ ታገስኩህ።

በአምስተኛው ወር ደወልክና ከሰው ጋር መኖር መጀመርህን ነገርከኝ። አዝናለሁ፣ ሕይወት እንዲህ ናት አልክ። ከሞተ ሰው አፍ ስለ ሕይወት መስማት ደግ ነው። ከዚያ ለጥቆ ምን ብለህ ለመንከኝ? አሁንም ለማንም እንዳትናገሪ።

አሁን የምናዘዘው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ወራት ዝም ያልኩት ለአንተ ነው። የቀሩትን ዘጠኝ ዝም ያልኩት ለራሴ ነው። አንተ በሕይወት ካለህ እኔ የተተወች ሴት ነኝ። አንተ ከሞትክ ግን የሟቹ እጮኛ ነኝ። ዲላን ታውቃታለህ፤ በተተወች ይሳቅባታል፣ ለሐዘንተኛ ግን ወንበር ይለቀቅላታል። እናቴ አላልኩሽም እንዳትለኝ፣ መምህራኑ ቆማ ቀረች እንዳይሉኝ፣ አንተን ሐውልትህ ሥር አጥብቄ ያዝኩህ። አስበህ ከሞትከው ይልቅ እኔ አስቤ የገደልኩህ ይበልጣል።

በየወሩ ኢዲዶ እሄድ ነበር። እናትህ ሐውልቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። አማርኛቸው እንደምታውቀው ነው፤ እኔን አንተ ነው የሚሉኝ። አንተ ብዙ አታልቅስ፣ አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ሌላ አግባ ይሉኛል። ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ያስይዙኛል። እኔም ሆዴ እያወቀ እቀበላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አብሬያቸው ከልቤ አለቅሳለሁ። የማለቅሰው ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ማርጋሬት ጥር ላይ መጣች። አልነገርኩህም። የጉዞ ማኅበሩ የጌዴኦውን ሥራ በአንተ ምክንያት ሰርዞት ነበርና ማንም አልላካትም፤ በራሷ ነው የመጣችው። ከአንተ ጋር ከተጓዙት ሁለቱን አስከትላ፣ መኪና እምቢ ብላ፣ ከይርጋጨፌ ኢዲዶ ድረስ በእግሯ ሄደች። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ጉልበቷን በጨርቅ ያሰረች ሴት። መንገዱ ላይ የቡና ማድረቂያ አልጋ ሲያነሱ የነበሩ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ተከተሏት። እናንተ ግቢ በር ስትደርስ ቆመች። ሁላችንም ካለፍን በኋላ ዞራ በሩን ዘጋች። ልማድ ሆኖባት ነው፤ ግን እናትህ አዩዋትና ይህች ቤት ያላት ሰው ናት አሉ።

አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ማርጋሬት ከእናትህ እግር ሥር ተቀመጠችና፣ በመጨረሻው በር አሥራ ሁለት ነበርን፣ በዓይኔ ቆጥሬያለሁ፣ እንዴት እንደተሳሳትኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ልጅዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለች። ያ ሥራዋ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው መርታ አታውቅም። አንጀቴን በላችው። ገበሬው፣ ያ ኮፍያ የለበሰው ገበሬ ነው፣ ብላት በአንድ ቃል ትድን ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ አንድም አልጨመርኩ። እናትህ ራሷን ዳበሱና፣ አንተ አታልቅስ፣ ሰው ቢቆጠርም ባይቆጠርም የሚወስደው እግዜር ነው አሏት። እሱንም ተረጎምኩ። ስትወጣ እናትህን እንደገና አቅፋ፣ በምርኩዟ የሐውልትህን ጥግ ነክታ ሄደች። ለአንድ ሲሚንቶ ሁለት አሮጊቶች ሲያለቅሱ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ነው አንተ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ዲግሪዬን ላኪልኝ ብለህ የጻፍክልኝ፤ ከነአድራሻህ። ዲግሪህ እናትህ ግድግዳ ላይ በጥቁር ሪባን ተሰቅሎ ነበር። ከሙት ግድግዳ ዲግሪ አይሰረቅም ብዬ ተውኩት። አድራሻውን ግን አስቀመጥኩት።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ። ባለፈው ሐሙስ ሦስት ጊዜ ደውዬልሃለሁ። አላነሳህም። ቀጥለህም፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ አትጨቅጭቂኝ ብለህ ጻፍክልኝ። ገንዘብ ልጠይቅህ፣ ወይም ስለዚያች ሴት ልነዘንዝህ መስሎህ ይሆናል።

ኢዲዶ ነበርኩ። እናትህ ከተኙ ሳምንት አልፏቸው ነበር፤ ባርናባስ ሐኪም አምጥቶ ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ሄዷል። ሰዎቹን አስወጥቼ ከአልጋቸው ሥር ተንበረከክሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጅዎ አልሞተም፣ ድምፁን ሰምቻለሁ፣ አሥራ አራት ወር ደበቅሁዎት አልኳቸው። ረግመውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዙና ፈገግ አሉ። አንተ ደግ ልጅ ነህ፣ ለኔ ብለህ አትዋሽ፣ ኃጢአት ይሆንብሃል አሉኝ። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩልህ። ጆሯቸው ላይ አደረግኩት። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደግሜ ደወልኩ። ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ተጠንቅቀው ነበር የሚያዳምጡት። በሦስተኛው እንደቆመ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው እጄ ላይ አኖሩትና፣ ተወው ልጄ፣ ሙት ስልክ አያነሳም አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያንተ መልእክት ገባ። አላሳየኋቸውም። አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ እኔም አላነበብኩላቸውም።

ጥቁሬን ግንቦት ላይ ዓመትህ ሲሞላ አውልቄ ነበር። ዓርብ ዕለት እንደገና ለበስኩት። ለባርናባስ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። አልመታኝም፤ አካፋውን አንስቶ ከሐውልትህ አጠገብ ወዳለው ባዶ መሬት ሄደ። እናቴም አላልኩሽም አለችኝ። ዘጠኝ ወር የፈራሁትን ቃል በጣም ትንሽ ሆኖ አገኘሁት። ለማርጋሬትም ስለ ገበሬው ጽፌላታለሁ፤ ሌላው ቢቀር እሷ ትተኛ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ረቡዕ ወደዚያ የሚበር መምህር ገሪማ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሰው ይዞት ይሄድና፣ አንተ ባለህበት ከተማ ለሚኖሩ የአገር ሰዎች ያስረክባቸዋል። እውነተኛ ስምህን ከአድራሻህ ጋር ጽፌላቸዋለሁ። ወደ ሥራ ሳትወጣ፣ ጎህ ሲቀድ እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ። ደጉን የአገር ሰው ታውቀዋለህ፤ አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ አይንቀሳቀሱም።

አንድ ደብዳቤ ለማድረስ አንድ ሰው ይበቃ ነበር። መቁጠሩን ከማርጋሬት ተምረሃል፤ ቀና በልና ቁጠራቸው።

አንተንም፣ አብራህ ያለችውንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

የሟቹ እጮኛ