ከቤቴ የማይወጣ

ጥቅምት 3
ዲስኩ ዛሬም «ሞልቷል» አለኝ። የቤተሰባችን የዕድሜ ልክ ፊልም ነው፤ ከካሴት ወደ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ያስገባሁት። ካሴቶቹንማ ቦታ ፈጁ ብዬ ጥያቸዋለሁ። አሁን ምኑን ላጥፋ? ሚስቴ ከሰዓት በኋላ ይህን ካላየች አታርፍም። እኔን ትረሳኛለች፤ ፊልሙ ላይ በሕፃንነቷ ሳፋ ውስጥ የምትንቦጫረቀውን ልጃችንን ግን ታውቃታለች። ደህና ሳለች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትለኝ ነበር...

ልጄ ብቅ አለች።
«አባዬ፣ አንድ ቅጂ እኔ ቤት ይቀመጥ።»
«የቤቴ ነገር ከቤቴ አይወጣም።»
«እሳት ቢነሳስ?»
«አጠፋዋለሁ።»
ሳቀች። ምን ያስቃል?

ጥቅምት 9
ትልቅ ዲስክ ገዛሁ። ሻጩ «ፊልሞቹን ላዛውርልዎት?» አለኝ። ማንም ሳያስተምረኝ ራዲዮ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ! እምቢ አልኩ።

ጥቅምት 10
ኮምፒውተሩ ላይ የተደረደሩትን የፊልም ምልክቶች በሙሉ ጎትቼ አዲሱ ዲስክ ውስጥ ከተትኩ። በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ዕቃ አዲስ ሲሆን እንዲህ ነው! አሮጌውን ዲስክ ባዶ እስኪሆን አጸዳሁት። ወገቤ ግን...

ጥቅምት 11
አይከፈትም። አንዱም። «ፋይሉ የለም» ይላል። ያዛወርኩት ለካ ወደ ፊልሙ የሚጠቁመውን ምልክት ብቻ ነው። የበሩን ቁጥር ነቅዬ ወስጄ ቤቱን አፈረስኩት።

«ልጅቷስ?» አለች ሚስቴ።
«ትመጣለች።»
«አንተ ማነህ?»


ጥቅምት 12
ምሳ አልበላችም። ስክሪኑን እያየች ታለቅሳለች። አሮጌውን ዲስክ ሻጩ ጋ ወሰድኩት። «ሙልጭ አድርገው አጥፍተውታል፣ አባት» አለኝ። ለልጄ ከመንገር ሞት ይሻላል።

ጥቅምት 13
ደወልኩላት። ሰምታ ስታበቃ፣ «አባዬ፣ እንዳትቆጣ...»
አምና ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ፊልሙን በራሷ ዲስክ ላይ ገልብጣዋለች። ሳትጠይቀኝ! ከገዛ ቤቴ!
«ሌባ!» አልኳት።
«እሺ፣ ሌባ ነኝ። ታዲያ ላምጣው ወይስ ይቅር?»
«...አምጪው።»

ጥቅምት 15
ልጄ እያሳየችኝ ከእሷ ዲስክ ዋናውን ፋይል ገለበጥኩ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ከአምና ወዲህ ያስገባሁት የለም፤ ቀረ በቃ። ሳፋዋ ግን አለች። ሚስቴ አጨበጨበች። «ውሃው ይቀዘቅዛታል፣ አውጣት እንጂ!» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ልጄ ስትወጣ ያመጣችውን ዲስክ ቦርሳዋ ውስጥ መልሼ ከተትኩላት።
«ምነው አባዬ? የቤቴ ነገር ከቤቴ አይወጣም ስትል አልነበር?»
«ያንቺስ ቤት ቤቴ አይደለም?»