የፍሪጁ አምፖል

ረቡዕ

እትዬ ውብነሽ ዛሬ መንገድ ላይ እሪ አሉ። ፓርክ ያደረጉት መኪና መስታወት ላይ የፓርኪንግ ቅጣት ቲኬት የሚመስል ፖስታ ሰክቼ ነበር። ሲከፍቱት ማስቲካ! «አንተ ሰይጣን! ልቤን ልታቆማት ነው!» ብለው ከፌርፋክስ መንገድ ጥግ እስከ በራችን አባረሩኝ። የሚኖሩት እኛው ሥር፣ ምድር ቤት ነው። ማስቲካውን ግን እሳቸው አኘኩት።

ታማር ከበረንዳ አየችኝ። የቤታችን አስተባባሪ ናት፤ በአራት ዓመት ትበልጠናለች፣ በአርባ ዓመት ትቆጣናለች። «ይሄ ሰንበት ያንተ ነው፤ ምግቡም ዝግጅቱም። ቀልድህ ገበታው ጋ ከደረሰ እሁድ ስብሰባ አለን። ከዚህ ቤት ወጥተህ ከከተማው ዳር ቶራንስ ያለው ቤተሰብ ጋ ትገባለህ» አለች።

ቶራንስ! እዚያ ማንን ልነካካ?

ስምንት ነን። ከየአገሩ የመጣን የአይሁድ ልጆች፤ አንድ ዓመት አብረን ልንኖር፣ አብረን ልንሠራ፣ ሰንበትን አብረን ልንጠብቅ። ከእስራኤል እኔ ብቻ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከጎንደር። ፊደሌ ይንጋደዳል፣ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ በአማርኛ አልተማርኩም። ግን እዚህ ቤት አማርኛ የሚያነብ የለም፤ ሶ እንደልቤ።

ሐሙስ

ዶሮ ወጥ ልሠራ ነው። በርበሬ ልገዛ ሄጄ ያለ ቅቤ እንደምሠራው ብነግረው ባለሱቁ «ዶሮዋ ምን በደለችህ?» አለኝ። ሥጋና ወተት አንቀላቅልም አልኩት። እናቴም በዘይት ነው የምትሠራው።

ሽንኩርት ስከትፍ ራፊ ሳልጠራው ቢላ ይዞ መጣ። ክፍል የምጋራው ልጅ ነው፣ ከሜክሲኮ። ከመጣን ጀምሮ ካልሲውን ስደብቅበት ኖሬያለሁ፤ እሱ ደግሞ ሽንኩርቴ ላይ ያለቅሳል። ምን ዓይነት ሰው ነው?

እነዚህ ልጆች በቀልዴ ብቻ ነው የሚያውቁኝ። ይቺን ወጥ ቀምሰው አንድ ነገር እንዲሉኝ እፈልጋለሁ። ምን እንደሆነ አላውቅም።

ዓርብ

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ከዚያ ሰንበት ነው፣ መጻፍ የለም። ቶሎ ቶሎ።

ወጥ ፍሪጅ ገባ። ሰላጣ ገባ። ዳቦ ተሸፈነ። ማታ ምኩራብ ነው የምንበላው፣ ወጡ ለነገ ምሳ ነው። የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል።

ግን የራፊን የሰንበት ጫማ ማሰሪያ እርስ በርስ ቋጥሬዋለሁ። ሰንበት ላይ ቋጠሮ አይፈታም፤ ምኩራብ በሸበጥ ሊሄድ ነው! ይሄ ገበታ አይደለም፣ እግር ነው። ታማር ምንም ማለት አትችልም።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

አምፖሉ! የረሳሁት አምፖሉን ነው።

ዓርብ ዓርብ የፍሪጁን አምፖል እንፈታለን። አለዚያ በሩ ሲከፈት ይበራል፤ ሰንበት ላይ ደግሞ መብራት ማብራት ክልክል ነው። ትዝ ያለኝ ምሳ ሰዓት፣ ራፊ እጁን ወደ ፍሪጁ ሲዘረጋ ነው። ዘልዬ በሩ ላይ ተለጠፍኩ።

«ደግሞ ምን ፈጠርክ?» አለ።

«አምፖሉ አልተፈታም!»

ቀልድ መስሏቸው ሁሉም ሳቁ። ራፊ ሸበጡን አየ፣ እኔን አየ፤ «ዞር በል፣ ርቦኛል» አለ። ታማር ብቻ ፊቴን ትክ ብላ አይታ «እውነቱን ነው» አለች። ከዚያ ማንም አልሳቀም።

እትዬ ውብነሽ ትዝ አሉኝ። ክርስቲያን ናቸው፣ እሳቸው ቢከፍቱት ችግር የለም። ግን «ክፈቱልን» አይባልም። ችግርን መናገር ብቻ ነው የሚቻለው፤ ለራሳቸው ፈልገው ከከፈቱ ይሆናል። ወርጄ አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣሉ?»

«ካንተ እጅ? ምን ጨመርክበት?»

«ምንም። እኛ ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ አታመጣውም?»

«እኔ መክፈት አልችልም።»

«እጅህን ምን ነካው?»

«ሰንበት ነው፣ መብራቱ...»

«ሂድ ወዲያ! ፍሪጁም ቲኬት ተቆርጦበት ይሆናል!» በሩን ድርግም።

እዚያው ቆምኩ። ቀልድ እንዲህ ጠፍቶኝ አያውቅም። በተዘጋው በር «እትዬ፣ ስምንት ሰው ርቦታል። ወጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። አምፖሉን የረሳሁትም እኔ ነኝ» አልኩ።

ቁልፉ ተንቀጫቀጨ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ዛሬስ ፊትህ የሰው ፊት ነው» ብለው ደረጃውን ወጡ።

ከፈቱት። «ለዚች ጭላንጭል ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ። ውሃቸውን ቀድተው ቀስ ብለው እየጠጡ በሩን ወለል አድርገው ተዉት፤ እኛም ወጡን አወጣን።

ቀዝቃዛውን በላነው። አባቴ ልጅ እያለ ጎንደር ሰንበት ላይ እሳት ስለማይነካ ምግቡ ሁሌም ቀዝቃዛ እንደነበር፣ እሱ የነገረኝን ነገርኳቸው። መብላቱን ትተው ሰሙኝ። መጨረሻው ላይ የሚያስቅ ነገር ልጨምር አስቤ ተውኩት። እትዬ ውብነሽ ቀመሱና «ቅቤ ይጎድለዋል» አሉ፤ ደግመው ቀመሱ። ራፊ በሸበጡ እየተንሸራተተ ሁለቴ ጨመረ።

ታማር ግን ምንም አላለችም። ነገ እሁድ ነው።

እሁድ

ቶራንስ ሊልኩኝ ነው ብዬ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ስብሰባ ገባሁ።

ታማር «የሚቀጥለውም ሰንበት ያንተ ነው» አለች።

«የኔ? ለምን?»

«ከእንግዲህ አምፖሉን የማይረሳ ሰው እዚህ ቤት አንተ ብቻ ነህ።»

ራፊ «ጫማዬስ?» አለ።

«የቋጠረው ይፍታ።»

ጫማውን አምጥቶልኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ፈታሁ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ እሱ አጠገቤ ቆሞ ያፏጫል። ሲያፏጭ መጠርጠር ነበረብኝ።

ክፍሌ ስገባ ሻንጣዬ ተራግፏል፣ ልብሴ ቦታው ተመልሷል። ጫማዬ አልጋው ላይ ነው፤ ማሰሪያው ቋጠሮ በቋጠሮ። የሁሉም እጅ አለበት፣ የየሰዉ አስተሳሰር ይለያላ! አንድ በአንድ እየሳቅኩ ፈታሁ። መጨረሻ ላይ ትንሽዬ፣ ልቅም ያለች፣ ጥብቅ ያለች ቀረች። የታማር መሆን አለባት።

እሷን ተውኳት። ስራመድ ትንሽ ትቆረቁረኛለች።