ዘይነባ ያነበበችልኝ መጽሐፍ

ቅዳሜ

ዋሸሁ። በሰው ፊት፣ በማይክ፣ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ዋሸሁ።

ካልጻፍኩት ራት አይወርድልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳቸው ደራሲ ዛሬ ፍኖተ ሰላም መጡ። የጋበዛቸው የንባብ ክበባችን ነው። ስለ መጽሐፎቻቸው ማን ይናገር ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ፎቶ ኮፒ ቤቴ የገባውን ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው የመጀመሪያ መጽሐፍ ሳልነግረው አላስወጣም። አንድ ገጽ ኮፒ ሊያደርግ የመጣ ተማሪ ቆሞ ያዳምጠኛል፤ ምን ያድርግ፣ ወረቀቱ እኔ እጅ ነው።

ተናገርኩ። ቡሬ ሳድግ፣ ሦስተኛ ክፍል እያለሁ፣ መጽሐፉን እንዴት እንዳገኘሁት አወራሁ። ከዚያ የምወደውን የመጨረሻውን ምዕራፍ አነሳሁ። ከእናቷ ተጣልታ ከቤት የወጣችው ልጅ ከዓመታት በኋላ በዝናብ ትመለሳለች። መግባት አሳፍሯት ደጃፉ ላይ ትቆማለች። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ምስር እየለቀመች ነው። ቀና ሳትል፣ ማን ነሽ ሳትል፣ «ግቢና በሩን ዝጊው፤ ብርድ ይገባል» ትላታለች። ይኸው ነው። ልቅሶ የለም፣ ይቅርታ መጠያየቅ የለም።

አንዲት ሴትዮ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ደራሲው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«የኔ እህት፣ እንዲህ ያለ ምዕራፍ አልጻፍኩም» አሉ። «በእኔ መጽሐፍ ልጅቱ ስትደርስ እናቷ ተቀብራለች። የምትገባው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው።»

ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ይሄ ከእኔ ይሻላል» አሉ። «የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ። «በልጅነቴ፣ እንዲህ ቢያልቅ ብዬ የፈጠርኩት።»

አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

የኔ አይደለም። የማን እንደሆነም አሳምሬ አውቃለሁ።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰዎች «ደራሲዋ!» እያሉ ሰላም አሉኝ። ፈገግ አልኩላቸው። ልጄ መክሊት ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። «እማዬ፣ ቫይራል ሆነሻል!» ትላለች። አጥፊው አልኳት። ለምን ስትለኝ ፀጉሬ አላማረም አልኩ። ሁለተኛ ውሸት። አንዱ ሲገባ ሌላውን ይጎትታል።

ከሰዓት ደራሲው ደወሉ። መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው። «ያንን ፍጻሜ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከመጨረሻው ገጽ ቀጥሎ በስምሽ ይገባል» አሉ። እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት እንዴት እንደሚቀለኝ!

ስልኩን ስዘጋ መክሊት እየዘለለች አቀፈችኝ። ሰምታለች። አሁን ስሜ መጽሐፍ ላይ እንደሚወጣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል ማለት ነው።

ሰኞ

ዘይነባ። ስሟን ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

አባቷ ቡሬ ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ቤታችን ከጎናቸው ነበር። እሷ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እኔ ማንበብ ብችልም መጽሐፍ ሙሉ የሚያዘልቅ ትንፋሽ አልነበረኝም። ባሕር ዳር የሚማር ወንድሟ ለእረፍት ሲመጣ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ያን ክረምት ያመጣው ሽፋኑ የተገነጠለ ነበር። ከሱቁ ጀርባ፣ የአቡጀዴ ጣቃ ላይ ተቀምጠን ታነብልኝ ነበር።

ገዢ ሲመጣ መጽሐፉን ከድና፣ ለክታ፣ ቆርጣ፣ ተከራክራ ትመለሳለች። እኔ ገዢውን በሆዴ እረግማለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ነበራት። የዳኛውን ወፍራም ድምፅ ስታወጣ አባቷ ከፊት ለፊት ሆነው «ማን መጣ?» ይሉ ነበር። ልጅቱ ከቤት የወጣች ዕለት ምሳ አልበላም ብዬ የቤት ሰዎች ተቆጡኝ።

ከዚያ ወዲህ የደራሲውን መጻሕፍት እያሳደድኩ አነበብኩ። የመጀመሪያውን ብቻ አልደገምኩትም። ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ሲገኝም በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ተኩራራሁ። ይኸው ኩራቴ!

ሽፋኑ ተገንጥሎ የለ? የመጨረሻዎቹ ገጾችም አብረው ሄደው ይሆናል፤ እሷም የጎደለውን ሞላችው። እንዲህ አስቤ ትንሽ ተጽናናሁ። ይሄ የእኔን ጥፋት እንዴት እንደሚያቀልልኝ ግን እንጃ።

ማክሰኞ

ከክበቡ ልጆች አንዱ መጽሐፉን አገኘልኝ። ሱቄን ዘግቼ አነበብኩት። ደህና መጽሐፍ ነው፤ ግን እኔ የማውቀው አይደለም። ዳኛው እንኳ ወፍራም ድምፅ የለውም። መጨረሻው እሳቸው እንዳሉት ነው። ድንኳን፣ ንፍሮ፣ የእናቷን ነጠላ ታቅፋ የምታለቅስ ልጅ። አለቀ።

ለደራሲው «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ መልእክት ጀመርኩና አጠፋሁት። ብናገር ከተማው ይስቅብኛል፤ መክሊት በጓደኞቿ ፊት ታፍርብኛለች። ዝም ብል ዘይነባ ቪዲዮውን አንድ ቀን ታየዋለች። አይታውም ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አሁን ገባኝ። የእሷን ስም ለማንም ነግሬ አላውቅም። ይሄን ሁሉ ዓመት «መጽሐፉን አገኘሁት» ነው የምለው። ተነበበልኝ ብዬ አላውቅም። ቡሬ ስሄድ እንኳ በሱቋ በር ሰላም ብያት አልፋለሁ እንጂ መቼ ቁጭ ብዬ አወራኋት? ቅዳሜ አይደለም መዋሸት የጀመርኩት።

ረቡዕ

መናገሩን ትቼ ፍጻሜውን ጻፍኩት። የሚያሳፍረው፣ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ዝናቡን ረዘም አደረግሁት። ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ አስገባሁና አየሁት። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አልላክሁትም።

ሐሙስ

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሰው ሊጭን ሲቆም ወርጄ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዕቃቸውን ጭኔ ላይ ስላስቀመጡት ብቻ ቀረሁ።

የአባቷን ሱቅ የያዘችው ዘይነባ ናት። «ስመኝ! ምነው እንዲህ ጠፋሽሳ! ግቢ እንጂ» ብላ በርጩማ ሳበችልኝ። ቪዲዮውን ልጆቿ አሳይተዋታል።

«ቀሚስሽ ያምራል» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ዘይነባ፣ ያንቺን ነው የሰረቅሁት» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ መጽሐፉ እንደገና እንደሚታተም፣ በስሜ ሊገባ እንደሆነ፣ ስሜን ጽፌ እንደተደሰትኩ ሁሉ። ከዚያ፣ የሆነ ማምለጫ ፈልጌ መሰለኝ፣ «መጨረሻው ተገንጥሎ ነበር አይደል?» አልኳት።

ጨርቅ ማጠፏን አላቆመችም። «ኧረ ሙሉ ነበር። ቀድሜሽ ጨርሸዋለሁ። እናትሽ አርፋ፣ አርባዋ እንኳ ሳይወጣ፣ ድንኳን ነው ለቅሶ ነው እያልኩ ላንብብልሽ? ወላሂ፣ አፌ እንቢ አለኝ። መጽሐፉን ገልጬ ይዤ የመጣልኝን አወራሁልሽ። አንቺ ደግሞ ድገሚልኝ ትያለሽ። በየቀኑ ድገሚልኝ! ቃሉ እንዳይለወጥብኝ ስጨነቅ ከረምኩ።»

ሰኞ ስለዚያ ክረምት ስጽፍ እናቴን አላነሳሁም። ማንሳት አልወድም። ለእኔ ተብሎ የተነገረውን ነው አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የኔ ብልሃት ነው ያልኩት። አለቀስኩ። ገዢ ገባች፤ እሷ ሻሽ ስታሳያት እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ገዢዋ ስትወጣ እዚያው ቁጭ ብዬ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ዋሽቼዎታለሁ። ፍጻሜው የኔ አይደለም። የዘይነባ ነው፤ እዚሁ አጠገቤ ናት።» የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ «ስጪያት» አሉ።

ዘይነባ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ መቀሷን ትፈልጋለች። «እንደምን ዋሉ? ደህና፣ አልሃምዱሊላህ። እኔ እንኳ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናትየዋን ለምን ገደሏት?»

መቀሷን መፈለግ ተወች። ቆይታ «አይዞዎት» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

«ምን አሉሽ?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴም በሕይወት ነበረች፤ የእናት ሞት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር አሉኝ።»

ስሟ ይግባ ወይ ብለው ጠይቀዋታል፤ ላስብበት ብላለች። እኔን ይቅር ብላኝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላለችኝም። ስወጣ ብቻ «ለልጅሽ ሳትነግሪ እንዳታድሪ፤ ከሌላ ሰው ከሰማች ነው ክፉው» አለችኝ።

ለክበቡ ቅዳሜ እናገራለሁ። እሱስ ይቀለኛል። መክሊት ማዶ ክፍል ሆና ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራለች፤ «እናቴ እኮ» ስትል ይሰማኛል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ተነስቼ እነግራታለሁ።